ከመዝገብ ወደ ሐረግ፦ የፕሮግራም ታሪክ እንዴት ሥዕል ሆነ

የተጠናቀቀ ሥራ ሠሪውን ይሸሽጋል። የታተመ ልብ ወለድ ስናነብ ደራሲው የሰረዛቸውን ዓረፍተ ነገሮች፣ ሌሊት ጽፎ ጧት የቀደዳቸውን ገጾች፣ አራሚው ያወጣውን አንቀጽ አናይም። እጃችን የሚገባው የተስተካከለ፣ የተጠረዘ፣ ጠባሳው የጠፋ መጽሐፍ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በዚህ ረገድ ከመጽሐፍም ይብሳል። መጽሐፍ ቢያንስ በሽፋኑ ላይ የደራሲውን ስም ይዞ ይወጣል፤ በየዕለቱ የምንገለገልበትን ፕሮግራም የጻፉት ሰዎች ግን ስንት እንደሆኑ፣ የትኛውን መስመር ማን እንደጻፈ፣ ማን ደክሞ ማን እንደተካው የሚጠይቅ ተጠቃሚ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ፕሮግራም በሰው እጅ የሚጻፍ ጽሑፍ መሆኑን እንኳ እንረሳለን።

ሆኖም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ገጣሚዎችና ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ረቂቃቸውን ሲቀዱና ሲያቃጥሉ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ የረቂቃቸውን ታሪክ ለውጥ በለውጥ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ያስቀመጡት ለጥበብ ወይም ለመጪው ትውልድ አስበው አይደለም፤ ፈርተው ነው። ዛሬ የተለወጠው መስመር ነገ ሥራውን ሁሉ ቢያበላሸው ወደ ትናንቱ የሚመለሱበት መንገድ ያሻቸው ነበር። ይህ ከፍርሃት የተወለደ መዝገብ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሥዕል ሆነ። እነሆ፣ መዝገቡ በምን መንገድ ወደ ሥዕል እንደተለወጠ፣ ሥዕሉም ምን እንዳሳየንና ምን እንደሸሸገን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፨

ከመረጃ ሥዕል የማውጣት ሐሳብ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ዣካር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሸማኔን ዕቃ በተበሱ ካርዶች እንዲታዘዝ አደረገ። በካርዱ ላይ ቀዳዳ ካለ ድሩ ይነሣል፣ ከሌለ ባለበት ይቀራል፤ ማጉም በዚያ መካከል ያልፋል። በ1839 በሊዮን ከተማ የዣካር የራሱ ምስል በሐር ተሸመነ። ለዚህ አንድ ምስል 24 ሺህ ያህል ካርዶች ያስፈለጉ ሲሆን፣ ጥራቱም ተመልካቹ በወረቀት የታተመ ሥዕል ነው ብሎ እስኪሳሳት የሚያደርስ ነበር። የማስሊያ ማሽን ሐሳብ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ አንዱን ቅጂ አግኝቶ በቤቱ ለእንግዶቹ ያሳይ ነበር።

የእኛ ቋንቋ ይህን ዝምድና ጥንቱንም ያውቀዋል። «ጥበብ» ስንል ዕውቀትንም፣ ኪነትንም፣ ሸማኔው በቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚጥለውን ጥለትም ማለታችን ነው። በሊዮኑ ሐር ላይ ሦስቱም ተገናኝተዋል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በሐሩ ላይ የሚታየው ፊት የፈልሳፊው ፊት ነው። ካርዶቹን አንድ በአንድ እያሰቡ የበሱት ሠራተኞች ፊት በሥዕሉ ውስጥ የለም። ይህ ጥያቄ እስከ መጨረሻው አብሮን ይጓዛል።

ኮምፒዩተር ለአደባባይ የሚበቃ ሥዕል ማውጣት የጀመረበት ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከ1965 ይቆጠራል። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ጀርመናዊው ጌኦርግ ኔስ በሽቱትጋርት ከተማ በኮምፒዩተር የተሠሩ ሥዕሎቹን አሳየ። በቦታው የተገኙ ሠዓልያን ተቆጡ፤ ዝግጅቱን ያሰናዳው ፈላስፋ ማክስ ቤንሰም ቁጣቸውን ለማብረድ «ሰው ሠራሽ ጥበብ» የሚል ስም እንዳወጣለት ይነገራል። በኤፕሪል ደግሞ የአሜሪካው የቤል ቤተ ሙከራ ባልደረቦች ማይክል ኖልና ቤላ ዩሌሽ በኒው ዮርኩ ሃዋርድ ዋይዝ ጋለሪ የየራሳቸውን ሥራ አቀረቡ።

እነዚህ ሰዎች መስመር አልሣሉም፤ ደንብ ጻፉ። ማሽኑ ደንቡን ይከተላል፤ በደንቡ ውስጥ ደግሞ ለዕጣ ጥቂት ቦታ ይተውለታል። ኔስ በ1968 አካባቢ የሠራው «ጠጠር» የተባለ ሥዕል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአግድም 12፣ በቁልቁል 22 ረድፍ ሆነው የተደረደሩ ካሬዎች ናቸው። ከላይ ያሉት እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ወደታች በወረድን ቁጥር ግን ጥቂት ያዘነብላሉ፣ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ፣ በመጨረሻም እንደተደፋ ጠጠር ይበታተናሉ። ሠዓሊው የወሰነው የመዝመሙን መጠን ነው፤ እያንዳንዱን ካሬ ወዴት እንደሚጥለው ግን ዕጣ ወሰነ። እንዲህ ያለውን ሥራ ደንብ ወለድ ሥዕል ብንለው ያስማማናል።

ኖል በበኩሉ ተንኮል ያለበት ፈተና አዘጋጀ። የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሞንድሪያንን የ1917 ሥራ አንድ ቅጂ፣ በኮምፒዩተር ካወጣው ተመሳሳይ ሥዕል ጎን አድርጎ ለ100 ሰዎች አሳየ። የማሽኑ የትኛው እንደሆነ በትክክል የለዩት 28 ብቻ ነበሩ። 59ኙ ደግሞ የማሽኑን ሥዕል ወደዱት። በዚያ ዘመን ጥያቄው «የሰው እጅ ከማሽን እጅ ይለያል ወይ?» የሚል ነበር፤ መልሱም ለብዙዎች አስደንጋጭ ሆነ።

ከእነዚህ ፈር ቀዳጆች መካከል ጥያቄውን ወደ ሌላ አቅጣጫ የመራችው በቡዳፔስት ተወልዳ በፓሪስ የኖረችው ቬራ ሞልናር ነች። በ1968 በኮምፒዩተር መሥራት ጀመረች፤ በ2023 በ99 ዓመቷ እስክታርፍም አልተወችውም። በ1980ዎቹ «የእናቴ ደብዳቤዎች» የተሰኙ ተከታታይ ሥራዎች ሠራች። እናቷ ይጽፉላት የነበረውን የእጅ ጽሑፍ መልክ፣ መረጋጋቱንና መንቀጥቀጡን፣ ኮምፒዩተሩ በመስመር እንዲመስለው አደረገች። በሥዕሉ ላይ የሚነበብ ፊደል የለም፤ ሆኖም የሚያየው ሁሉ ደብዳቤ መሆኑን ያውቃል። እዚህ ላይ ደንቡና ዕጣው ባዶ ጨዋታ መሆናቸው ቀረ፤ የአንድ ሰው እጅ ዱካ ገባባቸው። የአንዲትን እናት እጅ ዱካ መያዝ ከተቻለ፣ በአንድ ሥራ ላይ የተረባረቡ የመቶዎችን እጅ ዱካ መያዝስ? ለዚያ መዝገብ ያስፈልግ ነበር።

፨

መዝገቡ የተወለደው ኖል ሥዕሎቹን በሠራበት በዚያው በቤል ቤተ ሙከራ ነው። በ1972 ማርክ ሮችካይንድ የተባለ ባለሙያ የፕሮግራምን ጽሑፍ ለውጥ የሚመዘግብ ሥርዓት ሠራ። ሐሳቡን ለመረዳት የብራና መጽሐፍን ማሰብ ይጠቅማል። ቁም ጸሐፊው ሲሳሳት ቀለሙን በስለት ይፍቅና በላዩ ይጽፋል፤ ብራናው ግን የተፋቀበትን ቦታ በጥላ ያስታውሳል። ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ ቆዳ የለውም። በአሮጌው ፊደል ላይ አዲሱ ሲጻፍ አሮጌው ያለ ጠባሳ ይጠፋል። ሮችካይንድ ለኮምፒዩተር የሠራለት ይህን የጎደለውን ትዝታ ነው፦ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር፣ ስለ ምን እንደለወጠ የሚይዝ ትዝታ።

ሐሳቡ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በ1980ዎቹ ዋልተር ቲኪና ዲክ ግሩን በየበኩላቸው አሻሻሉት። በ2000 ሰብቨርዥን የተባለው ሥርዓት ተጀመረ፤ በ2005 ደግሞ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ዛሬ ዓለም የሚሠራበትን ጊትን ጻፈ። በእነዚህ ሥርዓቶች አንድ ለውጥ በመዝገብ ሲሰፍር ኮሚት ይባላል። ለእያንዳንዱ ኮሚት ቀን፣ ሰዓት፣ ስምና አጭር ማብራሪያ ይያዝለታል። በሌሊት የተጻፈ አለ፤ በበዓል ቀን የተጻፈ አለ፤ የትናንቱን ስሕተት በትሕትና የሚሽር አለ። መዝገቡን በትዕግሥት ያነበበ ሰው የአንድን ማኅበር የሥራ ዘመን ሁሉ ያገኝበታል። ችግሩ ማንም በትዕግሥት አለማንበቡ ነው። መቶ ሺህ ገቢዎች ያሉትን መዝገብ እንደ ዜና መዋዕል ቁጭ ብሎ የሚወጣው የለም።

ስለዚህ መዝገቡን በዐይን የማንበብ ሙከራ ተጀመረ። በ1992 ስቴፈን አይክና ሁለት ባልደረቦቹ፣ እነርሱም በዚያው በቤል ቤተ ሙከራ፣ ሲሶፍት የተባለውን መሣሪያ ይፋ አደረጉ። እያንዳንዱ የፕሮግራም መስመር እንደ ፀጉር የቀጠነ ሰረዝ ይሆናል፤ ቀለሙም ዕድሜውን ይናገራል። በቅርቡ የተነካ መስመር ቀይ ነው፤ ከተነካ የቆየ መስመር ሰማያዊ ነው። በአንድ ጊዜ እስከ 50 ሺህ መስመር በመስኮት ላይ ማየት ይቻል ነበር። ዓላማው ውበት አልነበረም፤ መሐንዲሶች የትኛው የፕሮግራም ክፍል እረፍት እንዳጣ ለይተው እንዲያውቁ ነበር። ቢሆንም ቀዩና ሰማያዊው ጎን ለጎን ሲሰለፉ ከባለሙያው ሌላ ያለ ሰውም ቆም ብሎ ያያቸዋል። የረጋውና የሚነደው፣ የተረሳውና የሚታመሰው በአንድ ገጽ ላይ ነበሩ።

፨

ከመሐንዲሱ ሠንጠረዥ ወደ ሠዓሊው ሸራ የሚያሻግር ድልድይ የተሠራው በ2001 ነው። ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. ሳሉ ፕሮሰሲንግ የተባለ፣ ለሠዓልያን የሚመች የፕሮግራም መጻፊያ ጀመሩ፤ ለማንም በነፃ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ደንብ ወለድ ሥዕል ለመሥራት ትልቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ መቀጠር አላስፈለገም።

ሁለተኛው እርምጃ የመጣው ከመጻፍ ዓለም ነው። ፈርናንዳ ቪየጋስና ማርቲን ዋተንበርግ በ2003 በአይ.ቢ.ኤም. ምርምር ክፍል የውክፔዲያን ጽሑፎች ታሪክ ወደ ሥዕል ለወጡ። ውክፔዲያ እንደ ፕሮግራም መዝገብ የእያንዳንዱን አርታኢ ለውጥ ይይዛል። በእነርሱ ሥዕል እያንዳንዱ ጸሐፊ አንድ ቀለም አለው። ጽሑፉ በጊዜ ውስጥ ሲጓዝ ቀለሞቹ እንደ ወንዝ ይፈስሳሉ፤ አንዱ ይሰፋል፣ ሌላው ይቀጥናል፣ አንዳንዱ ይደርቃል። አንድ ሰው በክፋት ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሲሰርዘው ወንዙ በጥቁር ስንጥቅ ይቆረጣል፤ ወዲያው ግን መልሶ ይፈስሳል። እንዲህ ካሉት ጥፋቶች ግማሽ ያህሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጠገናቸውን ያወቁት በዚህ ነው። ስለ ቸኮላት የሚያወራው ጽሑፍ ሥዕል ደግሞ በአንድ ቦታ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣና ይወርዳል። ሁለት ወገኖች በቸኮላት ስለሚሠራ አንድ ዓይነት ቅርፅ «አለ»፣ «የለም» እየተባባሉ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲሰርዝ የተፈጠረ መልክ ነው። ሙግት የራሱ ሐረግ እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ በዐይን ታየ።

በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ማይክል ኦጋዋ ኮድ ስዋርም የተባለውን ሥራ አወጣ። «ስዋርም» የንብ መንጋ ማለት ነው። መስኮቱ ጥቁር ነው። የሰዎች ስም በጥቁሩ ውስጥ ይንሳፈፋል። የፕሮግራሙ ፋይሎች የብርሃን ነጥቦች ናቸው፤ ቀለማቸው እንደ ዓይነታቸው ይለያያል። አንድ ሰው አንድን ፋይል ሲለውጥ ነጥቡ ቦግ ብሎ ወደ ስሙ ይበርራል፤ አብረው በሚሠሩ ሰዎች ዙሪያ ነጥቦቹ እንደ ንብ ይሰፍራሉ። ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ፋይል ይደበዝዛል። ሥራ ያቆመ ሰው ስምም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይደበዝዝና ይጠፋል። ከታች ቀኑ ይቆጠራል፤ ከጀርባው ሙዚቃ ይሰማል።

ኦጋዋ በዚህ መንገድ ካሳያቸው ሥራዎች አንዱ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነበር። ፓይተንን ጊዶ ቫን ሮሰም በ1989 መጨረሻ መጻፍ ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ አቀረበው። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የእርሱ ስም በጨለማው ውስጥ ከጥቂት ነጥቦች ጋር ለብዙ ጊዜ ይታያል። ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ሁለት ስም ብቅ ይላል። በ2000 አካባቢ፣ ሥራው ለብዙዎች ወደሚመች የጋራ ስፍራ ሲዛወር፣ ስሞቹ ከየአቅጣጫው ይጎርፋሉ፤ ጨለማው በብርሃን ይሞላል። ስለ ኮምፒዩተር ምንም የማያውቅ ሰው ይህን አይቶ አንድ ነገር ይገባዋል፦ ብቸኛ የነበረ ሰው ወዳጅ አገኘ። ከቁጥርና ከቀን የተሞላ መዝገብ ይህን ያህል ስሜት መያዙን ከዚያ በፊት ማን ጠረጠረ?

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2009፣ በኒው ዚላንድ አንድሩ ኮድዌል ጉርስ የተባለውን አወጣ። ኦጋዋ መንጋ ሲያይ ኮድዌል ዛፍ አየ። የፕሮግራሙ ዋና ማኅደር ከመሐል እንደ ግንድ ይቆማል፤ ንዑሳን ማኅደሮች ቅርንጫፍ፣ ፋይሎች ቅጠል ይሆናሉ። ሠራተኞቹ እንደ ትናንሽ ሰዎች በቅርንጫፎቹ መካከል እየዞሩ የነኩትን ቅጠል በብርሃን ጨረር ይመቱታል። አዲስ ሐሳብ ሲወለድ ቅርንጫፍ ያቆጠቁጣል፤ የማያስፈልገው ክፍል ሲጣል አንድ ሙሉ ዘለላ በቅጽበት ይረግፋል። ዛፉን ማንም አልሣለውም። ሥራው ራሱ፣ ቀን በቀን፣ ሣለው። የብራና መጻሕፍታችንን ያየ አንባቢ በምዕራፍ አናት ላይ የሚጠላለፈውን ሐረግ ያስታውሳል። በአማርኛ ሐረግ ተክሉም ነው፣ ጌጡም ነው፣ የዘር ቆጠራውም ነው፣ የቃላት ቅንጅቱም ነው። ኮድዌል የሠራውን በአንድ ቃል ግለጽ የሚባል አማርኛ ተናጋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

በዚያው በ2009 ቤን ፍራይ ጥበቡን ወደ መጽሐፍ መለሰው። የቻርልስ ዳርዊን «የዝርያዎች አመጣጥ» ከ1859 እስከ 1872 በስድስት እትሞች ወጥቷል። የመጀመሪያው 150 ሺህ ያህል ቃላት ሲኖሩት ስድስተኛው ወደ 190 ሺህ ደርሷል። ፍራይ እያንዳንዱ እትም የጨመረውን በራሱ ቀለም አድርጎ መጽሐፉ በዐይናችን ፊት እንዲያድግ አደረገው። በመደምደሚያው ላይ ፈጣሪን የሚጠቅሰው ቃል በ1860 በሁለተኛው እትም ገባ። ሰዎች ሁሉ የዳርዊን የሚመስላቸው «የተስማሚው መትረፍ» የተሰኘው ሐረግ ደግሞ የኸርበርት ስፔንሰር ሲሆን፣ በመጽሐፉ የታየው በ1869 በአምስተኛው እትም ነው። አንድ ጊዜ ተጽፎ ያለቀ የሚመስለን መጽሐፍ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲከራከር፣ ሲያፈገፍግ፣ ሲጠናከር መኖሩን ቀለሞቹ ይናገራሉ። ረቂቅ ለሚወድ የሥነ ጽሑፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ?

፨

እስካሁን ያወራነው ሥዕሎቹ የሰጡንን ነው። አሁን ወደ ሸሸጉት እንለፍ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ያለው የሚወረሰው እንደተጻፈው ነው። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ መዝገቦች ለአንድ ለውጥ አንድ ስም ብቻ ነበር የሚይዙት፤ እርሱም ለውጡን ወደ መዝገቡ ያስገባው ሰው ስም ነው። ከሩቅ አገር ማሻሻያ ጽፎ በኢሜይል የላከ ሰው መዝገብ የመንካት ፈቃድ አልነበረውም። ፈቃድ ያለው ሰው ተቀብሎ ያስገባለታል፤ መዝገቡም ያስገባውን ይጽፋል። የላኪው ስም ቢጠቀስ በማብራሪያው ውስጥ ነው፤ ሥዕል አውጪው ፕሮግራም ደግሞ ማብራሪያ አያነብም። ስለዚህ በፓይተን ፊልም መጀመሪያ ላይ ያየነው ብቸኝነት ሁለት ፍቺ አለው። እንደ አንድምታ መምህር እንፍታው፦ ሥዕሉ «ሰውየው ብቻውን ነበረ» ይላል፤ አንድም «ከእርሱ ሌላ በመዝገቡ የመጻፍ ሥልጣን ያለው አልነበረም» ይላል። ሁለቱ በመስኮት ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው።

ከዚህ የጎላው ምሳሌ የሊኑክስ ነው። ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 ጀመረ። እስከ 2002 ድረስ በመደበኛ የለውጥ መዝገብ አልተጠቀመም፤ ከዚያም ለሦስት ዓመት ያህል በሌላ ኩባንያ ሥርዓት ሠራ። በ2005 ከዚያ ሥርዓት ጋር ሲለያይ ጊትን ጻፈና በኤፕሪል ወር ሊኑክስን ወደ አዲሱ መዝገብ አስገባ። የቀደመውን ታሪክ ግን አብሮ አላመጣውም፤ ሥራው የደረሰበትን ደረጃ ብቻ በአንድ ኮሚት አስፍሮ ከዚያ ቀጠለ። ለሥራ ጥሩ ውሳኔ ነበር። ለሥዕል ግን ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። ይህን መዝገብ ወደ ጉርስ የሚያስገባ ሰው በመጀመሪያው ቅጽበት ከባዶ ጨለማ ውስጥ አንድ ግዙፍ ዛፍ ሲፈነዳ ያያል፤ ከ17 ሺህ በላይ ፋይሎች፣ ከ6 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ መስመሮች። ከዛፉ አጠገብ የቆመው ሰው አንድ ብቻ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከየአህጉሩ የተረባረቡ እጅግ ብዙ ሰዎች ድካም በአንድ ሰው ስም፣ በአንድ ቀን፣ እንደ ፍጥረት ተአምር ይታያል። ሥዕሉ አልዋሸም። መዝገቡም አልዋሸም። ያየነው ግን እውነት አይደለም።

ቶርቫልድስ ራሱ ይህን ውለታ የዘነጋ ሰው አልነበረም። በጊት ውስጥ ደራሲና አስገቢ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ተሰጥቷቸዋል፤ በኢሜይል የላከው ሰው ስሙ አይጠፋም። በሊኑክስ ጽሑፍ ውስጥም የባለ ውለታዎችን ስም የሚዘረዝር ፋይል ከጥንት ጀምሮ አለ። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የብራና መጽሐፍ በመጨረሻው ላይ ያስጻፈውንና የጻፈውን ለይቶ ይጠራል፤ ለሁለቱም ጸሎት ይለምናል። መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በዘረፋ እጅ ሲለውጥ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተጻፈባቸው ብዙ መጻሕፍት አሉ። በመዝገብ መጠራት ውለታ ነው፤ መፋቅም ፍርድ ነው። የተበታተኑ የቆዩ ቅጂዎችን ሰብስበው የሊኑክስን የቅድመ 2005 ታሪክ እንደገና ለመገጣጠም የደከሙ ሰዎች መኖራቸው ይህን ስለተረዱ ነው።

ሌላም ስውር ነገር አለ። ኮሚት የሚመዘግበው የተነካውን መስመር ነው። በስብሰባ ላይ «ይህን ባንሠራው ይሻላል» ብሎ የስድስት ወር ድካም ያዳነ ሰው በሥዕሉ ላይ ብርሃን የለውም። ለጀማሪ ያስተማረ፣ የሌላውን ጽሑፍ አንብቦ ስሕተት የጠቆመ፣ ከተጠቃሚ ደብዳቤ ጋር የዋለ ሰውም እንዲሁ። ይልቁንም አንድን ነገር በሺህ ፋይሎች ውስጥ በአንድ ትእዛዝ የለወጠ ሰው በኮድ ስዋርም ውስጥ እንደ ፀሐይ ይበራል። እንቅስቃሴ ሁሉ ሥራ ይመስላል፤ ማሰብ ግን ዝምታ ሆኖ ያልፋል።

ሥዕሉ መለኪያ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። በ2008 ሥራ የጀመረው ጊትሃብ በ2013 በየአባሉ ገጽ ላይ የዓመት ሰሌዳ ሰቀለ፦ ለእያንዳንዱ ቀን አንዲት ትንሽ ካሬ፣ ሥራ በበዛ ቁጥር አረንጓዴዋ የሚደምቅ። ያለ ማቋረጥ የተሠራባቸውን ቀናት የሚቆጥርም ነበረው። ሰዎች ቆጠራው እንዳይቋረጥባቸው በዕረፍት ቀን ሳይቀር አንድ ነገር ማስገባት ጀመሩ፤ ቆጠራው በ2016 ተነሣ። ቀልደኞች ደግሞ ቀኑ የተቀየረ ባዶ ኮሚት እየፈጠሩ በሰሌዳው ላይ ፊደልና ምስል ሣሉበት። የዣካር ካርድ ተገለበጠ ማለት ነው፤ ሥዕሉ ከሥራው መውጣቱ ቀርቶ ሥራው ለሥዕሉ ሲባል ተፈበረከ።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን ላይ ነን። ከ2021 ጀምሮ የፕሮግራምን መስመር ራሱ ማሽን የሚጽፍባቸው መሣሪያዎች ተስፋፍተዋል። ማሽኑ የጻፈው መስመር ሰውየው እስካልገለጸ ድረስ በሰውየው ስም ይመዘገባል። ነገ የዚህን ዘመን ሐረግ የሚያወጣ ሠዓሊ በእያንዳንዱ ቅጠል አጠገብ የሰው ምስል ያቆማል፤ ከምስሉ በስተጀርባ ማን እንደነበረ ግን ሥዕሉ አይነግረውም። ኖል በ1960ዎቹ ለ100 ሰዎች ያቀረበው ጥያቄ በሌላ በር ተመልሶ መጥቷል።

ታዲያ እነዚህን ሥዕሎች እንተዋቸው? በጭራሽ። ያለ እነርሱ ማንም ያላነበበው መዝገብ ተከድኖ ይኖር ነበር፤ ፕሮግራምም ከሰማይ የወረደ ነገር መስሎን እንቀር ነበር። ጨለማው ውስጥ የሚንሳፈፉት ስሞች የሰው ስሞች መሆናቸውን ያሳዩን እነርሱ ናቸው። የሚገባው የሥነ ጽሑፍ ሰው ከማንኛውም ጽሑፍ ጋር የሚያደርገውን ማድረግ ነው፤ ከተጻፈው ጋር ያልተጻፈውን፣ ከበራው ጋር የጨለመውን ማንበብ። ሐረጉ ሲያምር ሐረጉን እናድንቅ፤ ቀጥለንም መዝገቡን ማን እንደያዘው፣ ብዕሩ በማን እጅ እንደነበረ፣ በበሩ ላይ ቆሞ የማን ስም ሳይገባ እንደቀረ እንጠይቅ። ዛሬ በየሥራ ቦታው መዝገብ የሚይዙ ሰዎችም የረዳቸውን ሰው ስም በአንድ መስመር ለመጨመር የሚፈጅባቸው ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚያች አንዲት መስመር ነው ነገ አንድ ብርሃን የሚበራው።